አውጫጭኝ በካሌዶኒያን ሮድ

ወንድሜን አምሃን የሚያውቅ ሁሉ «ዝምተኛ ነው» ይላል። ውሸት ነው! ስለ እግር ኳስ፣ ስለ አውቶቡስ መዘግየት፣ ስለ ሽንኩርት አከታተፍ ይነሣበት እንጂ ጆሮ ያደነቁራል። እሱ ዝም የሚለው ሰው ሁሉ «ተናገር» በሚለው ቦታ ላይ ነው። እኔ ኂሩት ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን ቶሎ ስለሞተች በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ያንኑ ልጅ አንዲት ቃል፣ «አይደለችም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ተናገርልኝ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ልናደድበት ወይስ ልኮራበት፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

አምሃ አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጦች ሲዘጉ የእሱም ተዘጋ፤ እሱም ታሰረ። ውስጥ ምን እንደደረሰበት ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። የማውቀው «ወሬውን የሰጠህን ሰው ስም አምጣ» ሲሉት አላመጣም እንዳለ ብቻ ነው፤ እሱንም የሰማሁት አብሮት ከታሰረ ሰው ነው። ሲፈታ በኬንያ አድርጎ፣ ዞሮ ዞሮ ለንደን እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ቀደም ብዬ ነው የመጣሁት። ኬንቲሽ ታውን የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የሰጠኝ ፍላት አለኝ፤ ሥራዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ ማደል ነው። ሳሎኔ ሶፋ ላይ አስተኛሁት። «ለጊዜው ነው» ብሎ ነበር፤ ሶፋው መሐሉ እስኪጎደጉድ ተኛበት።

መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ሳህን ሲያጥብ ቆየ። በኋላ ኬኒንግተን አካባቢ አንዲት ትንሽ ቢሮ አፕላይ አድርጎ ገባ። የቢሮዋ ሥራ በአውሮፓ አገሮች ጋዜጠኞች ላይ የሚደርሰውን እየተከታተለች ለዓለም ማሳወቅ ነው። የአንዱን መኪና አቃጠሉበት፣ አንዷን ሀብታም ሰው ከሶ ቤቷን ሊያሸጣት ነው፣ የሌላውን ስልክ ፖሊስ ወሰደበት፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን አምሃ እየደወለ ያጣራል፣ ይጽፋል።

«የት ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«አውሮፓ ነዋ፣ እትዬ።»

«እዚህ አውሮፓ?»

«እዚሁ።»

ጉድ እኮ ነው! እኔ እኮ ይህ ነገር እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዝናብ ሸሽቶ የመጣ ሰው ጣራው ሲያፈስስ ቢያይ ምን ይላል? እሱ ግን አልገረመውም። «ልዩነቱ እዚህ የምትጮኺበት ቦታ መኖሩ ነው። ስትራስቡርግ የሚባል ከተማ ፍርድ ቤት አለ፤ አገርሽ ቢበድልሽ አገርሽን ትከሺበታለሽ» አለኝ። ያን ሰሞን እንግሊዝ ከአውሮፓ ትውጣ አትውጣ እየተባለ አገሩ ሁሉ ይጨቃጨቅ ነበር። «እንግዲያው እንግሊዝ ከወጣች ፍርድ ቤቱም ቀረባት?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይ፣ ያኛው የገበያው አውሮፓ ነው። የሰብዓዊ መብቱ ሌላ ነው» አለ። «ስንት አውሮፓ ነው ያለው?» አልኩት። «ለዚህ ጉዳይ ሁለት በይው» አለኝ። አንዱን በቅጡ ሳላውቀው ሁለተኛ መጣብኝ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በኢንተርኔት የምትሰማ የአማርኛ ሬዲዮ ነበረችው። ዜና ያነባል፣ ሰው ያነጋግራል፣ ዘፈን ያሰማል። ለንደን ያለ አበሻ ሁሉ «ማን ይሰማታል!» ይላል፤ ሰኞ ዕለት ግን ያልሰማት የለም።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። የማኅበራችን አዳራሽ እዚያው ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ነው። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ይማሩበታል፤ ሰው ሲሞት ለቅሶ እንቀመጥበታለን፤ የሠርግ መልስም ሆነ የኢድ በዓል እዚያው ነው። ኮሚቴው አምስት ነበርን። ሊቀ መንበሩ ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ እዚህ ከባቡር ጣቢያ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሽማግሌ። ሰዓዳ ገንዘብ ያዥ ናት፤ እዚያው መንገድ ላይ ሱቅ አላት፤ ከእኔ ጋር ከመጣንበት ዓመት ጀምሮ አንድ ማዕድ ነን። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ሌሎቹ ሁለቱ ወንዶች ለመፈረም ካልሆነ አይመጡም።

የሕንፃው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኮንትራታችን ሳያልቅ አዳራሹን እንድንለቅለት ጠየቀን። በምትኩ ከከተማው ውጪ አንዲት ክፍል እሰጣችኋለሁ አለ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ አምስታችንንም አስፈረመን። ፈረምን። ለምን ፈረምን? እኔ እንጃ! ጠበቃቸው በፍጥነት እንግሊዝኛ ተናገረ፣ ጋሽ መኩሪያ ብዕሩን አነሡ፣ እኔም እሳቸው ካነሡ ብዬ አነሣሁ። ቤቴ ስገባ ጸጸተኝ። ቢሆንም ለአምሃ አልነገርኩትም። ሻይ እያቀረብኩለት፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ እንጂ አልነገርኩትም። ይህን ያዙልኝ።

በሳምንቱ እሑድ ሳህን እያጠብኩ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። አምሃ «የማኅበራችን አዳራሽ በምስጢር ሊለቀቅ መሆኑን ከታማኝ ምንጭ ሰምተናል» ብሎ ጀመረ። በምትክ የምትሰጠንን ክፍል ስፋት ሳይቀር ተናገረ። ሳህኑ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ።

ሕዝቡ ተነሣ። እናቶች ጋሪ እየገፉ፣ ሽማግሎች ከዘራ እየያዙ መጥተው አዳራሹን ሞሉት፤ «ሳንጠየቅ ማን ፈረመ?» አሉ። ስምምነቱ የጠቅላላ አባላት ድምፅ ያስፈልገው ኖሯል፤ ድምፁ ሲሰጥ እጁን ያነሣለት ሰው አልነበረም። ፈረሰ። አዳራሹ ዳነ። እልል ተባለ፤ አምሃንም ተሸከሙት። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

አበሻ ግን ደስታው ሲበርድለት ነገር ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «አዳራሹስ ይሁን ዳነ፤ የኮሚቴ ምስጢር ያወጣው ማነው? ዛሬ ይህን ያወጣ ነገ የቤታችንን ገመና ያወጣል» ይባል ጀመር። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ያስገርማል? ወሬውን ያወጣው ወንድሜ፣ ከአምስቱ አንዷ እኔ፣ የምንኖረው አንድ ቤት። እኔም ብሆን ኖሮ ኂሩት ናት እል ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ይህ ነው፤ አብዬ ማን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ጋሽ መኩሪያ «በአባቶቻችን ወግ አውጫጭኝ ተቀምጠን እናጣራ» አሉ። ለወጣቶቹም አስረዱ፦ እሳቸው ልጅ ሳሉ አገራቸው ላይ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የቀበሌው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እያንዳንዱም ይምላል። ሰው ሁሉ «ጥሩ ሐሳብ ነው!» አለ። እናም አዳራሹን ያዳነውን ሰው ለመቅጣት፣ በዳነው አዳራሽ ተሰበሰብን።

ቅዳሜ ከልጆቹ ትምህርት በኋላ ነው። ትልልቅ ሰዎች የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀመጥን። በሩ ተቆለፈ። የሰዓዳ ልጅ ዊጅዳን፣ እዚሁ የተወለደችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ማሚ፣ ኢዝ ዚስ ኢቭን ሊጋል? ሰው መቆለፍ እኮ አይቻልም» አለች። «ዝም በይ፣ ባህልሽ ነው» አለቻት እናቷ።

ጋሽ መኩሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ከፊት ቆሙ፤ ሰዓዳም የራሷን ቁርኣን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። የሚምለው የፈረመው ኮሚቴ ነውና ሁለቱ ወንዶች ማሉ። ሰዓዳ «ወላሂ ከአፌ አልወጣም» አለች፤ ስትመለስ ከእኔ አጠገብ መቀመጧን ትታ ማዶ ተቀመጠች። እኔ ተራዬ ደረሰ። እጄን መጽሐፉ ላይ አድርጌ፣ የጋሽ መኩሪያን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «ተናግሬ ከሆነ የወለድኩትም ያሳደግሁትም አይባረክልኝ» አልኩ። ከኋላዬ አንዷ «እሷ የወለደችው የላትም፤ ምን አለባት!» ስትል ሰማኋት። ወይ ጉድ! እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

ከዚያ አምሃ ተጠራ። እሱም ከነቁመቱ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አምሃ ልጄ፣ ይህን ነገር ማን ነገረህ?» አሉት ጋሽ መኩሪያ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ አልናገርም።»

«እህትህ ናት?»

አምሃ አንገቱን ደፋ።

«በል እንጂ አይደለችም በላቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «አፍ የለህም እንዴ? አንድ ቃል ናት!»

ቀና ብሎ አየኝ። ሕፃን ሆኖ ሲያመው እንደሚያየኝ ነው ያየኝ። «ናትም አልልም፤ አይደለችምም አልልም» አለ።

አዳራሹ ተናወጠ። «በቃ ናት!» «ባትሆን አይደለችም ባለ!» «ዝም ካለማ ምን ይጠየቃል!» እኔ ወንበሩ ውስጥ ተቀርቅሬ መነሣት አቃተኝ። ያ የማምነው ሁሉ፣ ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የሠላሳ ዓመት ስሜ፣ በወንድሜ አፍ ውስጥ ነበር፤ አፉን ዘጋበት።

ጋሽ መኩሪያ ጸጥታ እስኪሆን ጠብቀው ተቆጡት። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሕዝብ ትንቃለህ? ውሸታም ነህ ማለት ነው። ምንጭ የለህም! ከራስህ ፈጥረህ ነው ያወራኸው!» አሉት። ፊቱ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ሰው አጨበጨበ።

አምሃ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ። «እርስዎ አገር በአውጫጭኙ ላይ ወፍ የሚባል ሰው ነበር ወይስ አልነበረም?»

ጋሽ መኩሪያ የቀሰሩትን ጣት አጠፉ። «ነበር» አሉ።

«ለልጆቹ ይንገሯቸው።»

ወደው አልነገሩም፤ ግን አስተማሪ ናቸውና ጥያቄ ማለፍ አይችሉም። ነገሩ እንዲህ ነው አሉ፦ የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ለመናገር ቢፈራ፣ ወፍ ተብሎ ለተመረጠ ሰው በጆሮው ይነግረዋል፤ ወፉ ወጥቶ «እገሌ ነው ብለውኛል» ይላል። ማን እንደነገረው አይናገርም።

«ሸንጎው ማን ነገረህ ብሎ ወፉን ቢጠይቀውስ?» አለ አምሃ።

«አይጠየቅም» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «ወፍ ከተጠየቀማ ማን ይነግረዋል?»

ቀጥለው ምን ሊሉ እንደነበር እንጃ፤ ከኋላ አንዱ «ፓርኪንጌ አለቀ!» ብሎ ተነሣ። አንዷ ልጇን ከዋና ልታመጣ ኖሯል። በሩም ተንኳኳ፤ ከእኛ በኋላ አዳራሹን የተከራዩት የካራቴ ልጆች ነጭ በነጭ ለብሰው ደጅ ቆመዋል። በአባቶቻችን ዘመን ሰው ሜዳ ላይ ያድር ነበር አሉ፤ የለንደን አውጫጭኝ ግን ካራቴ በተነው። ከመበተናችን በፊት ግን እጅ አወጡብኝና ከኮሚቴው ተባረርኩ።

ቤት ስንገባ ያልተናገርኩት የለም። «ጡቴን አልጠባህም እንጂ እናትህ ነኝ! እስር ቤት ሳለህ በፆም በጸሎት ጉልበቴን ገድያለሁ! አንድ ቃል ነፈግከኝ!» አልኩት።

«እትዬ» አለ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ኂሩት አይደለችም ብል አራት ይቀራሉ። ነገ ሰዓዳ መጥታ ‹እኔም አይደለሁም በልልኝ› ትለኛለች። ለአንቺ ብዬ ለሷ እምቢ ልበል? ሦስት ይቀራሉ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስሙን ሳልጠራ ሰውየውን አስረክባለሁ።»

«ታዲያ ይታወቅ! ምን አገባኝ? እኔ ልሙትልህ?»

«የነገረኝ ሰው የፈረመው አለ፤ ይከስሱታል።»

«የአንተ የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት አያድነውም?»

«እኔን ነው የሚያድነኝ፤ ጋዜጠኛ ምንጩን እንዲያወጣ እንዲሁ በቀላሉ አይገደድም ይላል። አንቺን ከሰፈር ወሬ የሚያድን ፍርድ ቤት ግን እስካሁን አልተሠራም።» ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ፣ እዚያ በዱላ ያላወጣሁትን እዚህ በሽምግልና ላውጣው?»

ተነሥቼ የመኝታ ቤቴን በር ወርውሬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አያድርስ ነው። ሰዓዳ ሱቅ በር ላይ ሳልፍ ዕቃ የምታስተካክል ትመስላለች። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። እናቶች ትምህርት ቤት በር ላይ «ደኅና ነሽ?» ብለውኝ መልሴን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአምሃ ጋር አንነጋገርም። ምሳውን አስቀምጥለታለሁ፣ ሳህኑን አጥቦ ይመልሳል። አንዳንድ ቀን እሱ ራሱ ውሸቱን ይሆን፣ ምንጭ የሚባል ሰው ላይኖር ይችላል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔው በእንቅልፌ ተናግሬ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን እጠረጥራለሁ። ሰው ደጋግሞ ሲላችሁ እናንተም መጠራጠራችሁ አይቀርም። ሥራዬ ላይ ሩዙን ጭልፍ አድርጌ ይዤ ልጁን ረስቼው እቆማለሁ።

በመኸር ላይ ኩባንያው ሕንፃውን ለሌላ ሸጦ ሄደ መባሉን ሰማን። እኔም የአዳራሹን ቁልፍ እስከዚያ ድረስ አልመለስኩም ነበርና፣ ላስረክብ ብዬ ኬኒንግተን ጋሽ መኩሪያ ፍላት ሄድኩ። ብቻቸውን ናቸው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ልወጣ ስል «ቁጭ በይ፣ ኂሩት» አሉኝ። ለራሳቸው ወንበር አልፈለጉም፤ ቆሙ።

«ያን ዕለት አንቺን ያስማልኩሽ እኔ ነኝ። ሰዓዳን ያስማልኩ እኔ ነኝ። እኔን ማን አስማለኝ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «እርስዎማ አስማዩ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። አምስት ነበርን። የማሉት አራት ናቸው። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ ዊጅዳንን ጨምሮ፣ አንድም ሰው የቆጠረ አልነበረም። አስማይ አይምልማ!

«የአዳራሹን ግድግዳ በእጄ ነው የቀባሁት» አሉ። «ፈርሜ ስወጣ አየሁት። በማግስቱ ለአምሃ ደወልኩ። ሕዝቡ አጣሩ ሲለኝ እምቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ። አምሃ አንቺን ነፃ ያወጣሻል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል ብዬ ነበር። አላደረገውም። ፊቱ ቆሜ ውሸታም ስለው፣ አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀልኝ። አልተነፈሰም። ስለ ወፍ ጠየቀኝ።»

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ ብል አላውቀውም። በጥፊ ልላቸው ፈለግሁ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ማልቀስም ፈለግሁ። የወጣልኝ ግን «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ትልቅ ሰው ነዎት» የሚል ብቻ ነው። «አውቃለሁ» አሉ። «ቅዳሜ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ። አሁን የሚከስሰኝ የለም።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ መኩሪያ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። «ለአምሃ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኂሩት ንጹሕ ናት። ይቅር በሉኝ» አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን ዞረው ያዩኛል፣ አሁን ሰዓዳ ትሮጥልኛለች ብዬ።

ከዚያ አንዲት ሴት አለቀሰች። «አዪ ጋሽ መኩሪያ! ምን ያሉ ደግ ሰው ነዎት!» አለች። «የሴቲቱን ጥፋት ተሸከሙላት!» ሌላው ተነሣ፣ «አባት ማለት እንዲህ ነው! ስሟን ለማዳን ስማቸውን ሰጡ!» አለ። «እኔ ነኝ እላችኋለሁ!» እያሉ ጋሽ መኩሪያ ጮኹ፤ በጮኹ ቁጥር ጭብጨባው ባሰ። መጨረሻ ላይ አንዱ ወደ አምሃ ዞሮ «እስቲ አንተ ተናገር፤ እሳቸው ናቸው?» አለው።

ሁሉም አየው። ጋሽ መኩሪያ «ፈቅጄልሃለሁ፣ ንገራቸው» አሉት።

አምሃ ተነሣ። «ናቸውም አልልም፤ አይደሉምም አልልም» አለና ተቀመጠ።

ያኔ ገደልኩት ብዬ ከኋላ መጣሁ። ወንበሩ ጋ ደርሼ ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ፈቀዱልህ እኮ! አንተ ድንጋይ!» አልኩት። እሱም በሹክሹክታ «ዛሬ እሳቸው ወደው ፈቀዱ። ነገ አንዷን ምስኪን ‹ንጹሕ ከሆንሽ ለአምሃ ፍቀጂለትና ይናገር› ብለው ያስጨንቋታል። እምቢ ካለች ፈረዱባት ማለት ነው» አለኝ። ቀና ስል ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። «በድዬሻለሁ፣ እትዬ። አውቄ ነው የበደልኩሽ።» ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ እንባው ሲመጣ ቁጣዬ የት እንደሚገባ አላውቅም። መሐረቤን ሰጠሁት።

ሰዓዳ ያን ጊዜ ሰውን እየገፈተረች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ኂሩትዬ፣ ጋሽ መኩሪያ ይህን ያህል ካደረጉልሽ እኔ ማነኝ? ወላሂ ይቅር ብዬሻለሁ! ያለፈው አለፈ!» አለችኝ። ያልተናገርኩትን ይቅር አለችኝ! አልተናገርኩም ልላት አፌን ከፈትኩ። ለወራት የናፈቀኝ ሽታዋ፣ የሱቋ ቅርንፉድና ሳሙና፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ምን ላድርግ?

በማግስቱ እሑድ ከፀጉር ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍል አብሬው ሄድኩ። ፕሮግራሙ ሳይጀመር ስልኩ ጮኸ። አምሃ አንሥቶ አዳመጠ። «ይንገሩኝ፤ ግዴለም» አለ። ከወዲያ ያለው ሰው ሲንተባተብ በሩቁ ይሰማል፤ ሴት ትሁን ወንድ አልለየሁትም። «አዎ፣ ያ ነኝ። ለገዛ እህቴ ስል እንኳ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ አምሃ፤ ወደ እኔም ሳያይ ብዕሩን አነሣ።

ስልኩን ሲዘጋ ገና «ማነው?» ልል ነበር፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደረሰ። እሱም ደረሰበትና ቀና ብሎ አየኝ።

«ተወው፣ አትንገረኝ» አልኩት። «ኋላ ደግሞ ያስምሉኛል።»